ከተዘጋ በኋላ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ በሩ ሲቆለፍ፣ መብራቱ ሲደክም፣
ሞሪን ከመቀበያው ተነሥታ «ቁልፉን አደራ፣ ሰላም»
ብላኝ ስትወጣ፣
የእኔ ተራ መጣ።

ባልዲዬን ሞልቼ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣
ወንበሮቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው አርቄ፣
ከሥራቸው የቀኑን ቃርሚያ እለቅማለሁ፦
የተኮማተረ መሐረብ፣ የሕፃን ጫማ አንድ እግር፣ የከረሜላ ልጣጭ፣
ደግሞም ጥግ የቆመው የደም ግፊት መለኪያ
የተፋት ቁራጭ ወረቀት፤ ስም የላትም፣ ቁጥር ብቻ፤
ባለቤቷ ፈርቶ ይጣላት፣ ቸኩሎ ይጣላት፣ እንጃ።

ጣሪያው ላይ የግሪምስቢ የባሕር ወፎች
እንደ እድር ጥሩምባ ይጮኻሉ፤
ማን እንደሞተ ግን መች ይናገራሉ።

ቀጥሎ የማስታወቂያ ሰሌዳው ነው።
ፊደል ያስቆጠረኝ አገሬ፤ እንግሊዝኛን ያስቆጠረኝ ይህ ሰሌዳ ነው።
«የጉንፋን ክትባት ገብቷል፤ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አስም ያለባችሁ፣
ቅዳሜ ጠዋት ኑ፣ እጅጌያችሁን ጠቅልላችሁ።»
«ስኳር ላለባችሁ፣ የዓይን ምርመራ ማክሰኞ» ይላል ሌላው፣
የጤፍ ፍሬ በሚያህል ፊደል ነው የጻፈው።
«ቀጠሮ በስልክ ብቻ፤ እዚህ ቆማችሁ አትጠይቁ።»
«ዶክተር ማሊክ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በመጋቢት ጡረታ ይወጣሉ፤
ታካሚዎቻቸው አትስጉ።»
ያሰጋኝ ይኸው «አትስጉ» የሚለው ነው።

ከሥር በቀይ ቀለም፦
«ባለፈው ወር ቀጠሮ ይዘው የቀሩ፣ ሰማንያ ሰባት።
የባከነው ጊዜ፣ አሥራ አራት ሰዓት ተኩል።»
ከሰማንያ ሰባቱ አንዱን አውቀዋለሁ።
ሚስተር ፔቲት፣ ዓሣ አጥማጅ የነበረው፣
ከእኔ ክፍል በታች የሚያድረው፤
ሐሙስ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር ቀጠሮው፣
ረቡዕ ሌሊት ሌላ ቀጠሮ ቀደመው።
ጫማውን ወልውሎ በሩ ሥር አስቀምጦ ነበር።
«ሰማንያ ስድስት» ብዬ ላርመው ከጀልኩና፣
ስፖንጄን ጨምቄ አለፍኩት እንደገና።

ማክሰኞ ማታ፣ የኮሪደሩ ወለል እስኪደርቅ፣
ክንዴን መለኪያው ውስጥ ከተትኩት፣ እንዲያው ለጨዋታ።
ጨመቀኝ፣ ብዙ እንደቆየ ዘመድ ጨመቀኝ፤
ለቀቀኝ።
መቶ ሰማንያ አንድ በመቶ አራት።
ከሥሩም በደቂቅ ጽሕፈት፦
«እባክዎ ይህን ወረቀት ለእንግዳ ተቀባይዋ ያሳዩ።»
ዞር አልኩ። ወንበሯ ባዶ ነው።
መስታወቱ ውስጥ የቆመችው ተቀባይ እኔው ነኝ፣
መወልወያዬን ተደግፌ።

በማግሥቱ መስኮት ላጥብ ማለዳ ገባሁ።
የእነሱ ስምንት፣ የእኔ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣
ከተማው ሁሉ ስልክ ላይ ሲረባረብ፣
እኔም ሰሌዳው እንዳዘዘኝ ደወልኩ፣ ከዚያው ከኮሪደሩ።
ሙዚቃ። «በተራው አሥራ ዘጠነኛ ነዎት።»
አንድ መስኮት አጠብኩ። «አሥራ አንደኛ ነዎት።»
ሌላ መስኮት። ሞሪን ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች፤
በመጨረሻ ድምፅዋ በሁለቱም ጆሮዬ ገባ፣
በአንዱ በስልኩ፣ በአንዱ በመስታወቱ።
«ስምዎ?»
«ወይንሐረግ።»
«ይቅርታ፣ አንድ በአንድ ይቁጠሩልኝ።»
ሦስት ዓመት ቁልፍ ስታስረክበኝ «ዊኒ» ነበርኩ።
ቆጠርኩላት፣ እያንዳንዱን ሆሄ፤ የአባቴንም ጨመርኩ።
«አሁን የት ነው ያሉት?»
«ከኋላሽ።»

ዞረች።
ወረቀቷን እርጥቡ መስታወት ላይ ለጠፍኩላት።
መነጽሯን አውርዳ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤
ስልኩን ሳትዘጋ ተነሥታ
የዶክተር ማሊክን በር ልታንኳኳ ሄደች።
ሦስተኛው መስኮት ግማሹ ሳይታጠብ ቀረ፤
ሦስት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ሳርቀው፣ ወደ ግድግዳ ስመልሰው የኖርኩት ወንበር ላይ፣
ያን ቀን ተቀመጥኩበት።